የዕለት ግጥምና ማተሚያ ቤት በቀድሞው የእንግሊዝ አገር

ሰው ሲወለድ እልል ይባላል፤ ሲያገባ ይዘፈንለታል፤ ሲሞት ሙሾ ይወርድለታል። ንጉሥ ሲነግሥ፣ ጦር ሲዘምት፣ ድል ሲገኝ፣ ራብ ሲገባ ሕዝብ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ያየውንና የተሰማውን በግጥም አድርጎ ይናገራል። እንዲህ ያለውን ግጥም የሚጠራው ገጣሚው ሳይሆን ቀኑ ራሱ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ «የዕለት ግጥም» ብለን እንጠራዋለን። ንጉሡ ዳዊት ስለ ሳኦልና ስለ ዮናታን ያሰማው ልቅሶ፣ የሙሴ እኅት ማርያምም በባሕር ዳር ከበሮ ይዛ የዘመረችው መዝሙር ከዚህ ወገን ናቸው።

የዕለት ግጥም ብዙ ጊዜ ይናቃል። ለአንድ ቀን የተሠራ ነገር ቀኑ ካለፈ በኋላ ምን ይጠቅማል? የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ ግን የእንግሊዝን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስንማር የተረዳነው ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ከጥንቱ የእንግሊዝ የዕለት ግጥም የሚበዛው ጠፍቷል። ተርፎ ለዘመናችን የደረሰው ጥቂቱ ግን የዚያን ጊዜ ሰዎች የተደሰቱበትንና ያዘኑበትን ብቻ ሳይሆን በግልጥ ለመናገር የፈሩትንም ጭምር ይነግረናል። እንዲተርፍ ያደረጉትም ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ማተሚያ ነው፤ ሁለተኛው ወረቀቱን አልጥልም ያለ ሰው ነው። ይህንኑ ለትምህርት ቤታችን ጓደኞች፣ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን በአጭሩ ለመግለጥ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማተሚያ ወደ እንግሊዝ አገር ከመግባቱ በፊት ግጥም የሚባዛው በእጅ ጽሕፈት ነበር። በ1368 ዓ. ም. የንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ልጅ የነበረው የላንካስተር መስፍን ሚስት ብላንሽ በሞተች ጊዜ ጄፍሪ ቾሰር የልቅሶ ግጥም ጻፈላት። በግጥሙ ውስጥ ገጣሚው በሕልሙ ወደ ጫካ ገብቶ ጥቁር ልብስ የለበሰ ባላባት ስለ ሚስቱ ሲያለቅስ ያገኛል። ግጥሙ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሊያነበው የሚችለው የቤተ መንግሥት ሰው ወይም ለጸሐፊ የሚከፍለው ገንዘብ ያለው ሰው ብቻ ነበር። የእኛ አገር ቁም ጸሐፊ አንድ ዳዊት ለመጻፍ ምን ያህል እንደሚደክም የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል።

በ1476 ዓ. ም. ዊልያም ካክስተን የተባለው ነጋዴ በለንደን አጠገብ በዌስትሚንስተር የመጀመሪያውን የእንግሊዝ አገር ማተሚያ ቤት ከፈተ። እርሱና ከእርሱ በኋላ የተነሡት አታሚዎች ታላላቅ መጻሕፍትን አሳተሙ። ሆኖም ታላቅ መጽሐፍ ብዙ ወረቀትና ብዙ ወራት ይፈልጋል፤ ተሽጦ እስኪያልቅም ገንዘቡ ታስሮ ይቆያል። ስለዚህ አታሚዎች በአንድ ቀን ታትሞ በአንድ ቀን የሚሸጥ ትንሽ ሥራ ያስፈልጋቸው ነበር። የዕለት ግጥምና ማተሚያ የተገናኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ዓይነት ሥራ እስከ ዛሬ ከተረፉት እጅግ ቀደምት ከሆኑት መካከል አንዱ የጆን ስኬልተን ግጥም ነው። ስኬልተን ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛን በልጅነቱ ያስተማረ ካህን ነበር። መስከረም 9 ቀን 1513 ዓ. ም. ሄንሪ በፈረንሳይ አገር ለጦርነት ሳለ የስኮትላንድ ንጉሥ ጄምስ አራተኛ ወደ እንግሊዝ ገብቶ ፍሎደን በተባለ ሥፍራ ተዋጋና ከብዙ መኳንንቱ ጋር ሞተ። ስኬልተንም ወዲያው በሟቹ ንጉሥ ላይ የሚሣለቅ ግጥም ገጠመ፤ ግጥሙም ታትሞ ተሸጠ። ታዲያ ይህ ወረቀት እንዴት ተረፈ? ጽሑፉ ያረጀበት አንድ መጽሐፍ ጠራዥ ሁለቱን ቅጠሎች ወስዶ ለሌላ መጽሐፍ ሽፋን መደገፊያ አደረጋቸው። በ1878 ዓ. ም. በዶርሴት አውራጃ በአንድ የገበሬ ቤት የተገኘው አሮጌ መጽሐፍ ሽፋኑ ሲከፈት የስኬልተን ግጥም ከውስጡ ወጣ። ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ዓመት ያህል ተደብቆ የኖረው ዋጋ ስለ ተሰጠው ሳይሆን ዋጋ ስለ ታጣበት ነበር ማለት ነው።

ከስኬልተን በኋላ እንግሊዞች «ባላድ» የሚሉት የነጠላ ወረቀት ግጥም በጣም እየተስፋፋ ሄደ። አሠራሩም እንደሚከተለው ነበር። ግጥሙ በአንድ ትልቅ ወረቀት በአንድ ፊት ብቻ ይታተማል። ከላይ ረጅም አርእስት አለው፤ ከአርእስቱ ሥር «በእገሌ ዜማ የሚዘፈን» የሚል ቃል ይጻፋል። የዜማ ምልክት ማተም አያስፈልግም ነበር፤ ምክንያቱም ዜማው አስቀድሞ በሰው ሁሉ አፍ ያለ ነው። ከዚያም በእንጨት ላይ የተቀረጸ ሥዕል ይጨመርበታል። አዲስ ሥዕል ማስቀረጽ ገንዘብ ስለሚያስወጣ አንዱ አሮጌ ሥዕል ዛሬ ንግሥት፣ ነገ የነጋዴ ሚስት፣ ከነገ ወዲያ ባሏን የገደለች ሴት ሆኖ ሲያገለግል ይታያል። ዋጋው በተለመደው አንድ ፔኒ ወይም ከዚያ ያነሰ ነበር።

ወረቀቱን የሚሸጡት በለንደን መንገድ ላይ ቆመው የሚዘፍኑ ሰዎች፣ ወደ ገጠርም መርፌና ክር ይዘው የሚዞሩ ሱቅ በደረቴዎች ነበሩ። ማንበብ የማይችለው ሰው ሲዘፈን ሰምቶ በቃሉ ይይዘዋል፤ ማንበብ የሚችለው ደግሞ ለጎረቤቱ ያነብለታል። የገዛውም ሰው በቤቱ ወይም በመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። በዚህ ዓይነት በገበያ ቀን በአንዲት ትንሽ ከተማ ያለ ሸማኔ ስለ ንጉሥ ዘውድ መጫን፣ ስለ እሳት ቃጠሎ፣ ስለ ጎርፍ ወይም ስለ ተሰቀለ ወንበዴ መስማት ይችል ነበር። ጋዜጣ ገና ባልነበረበት ዘመን የዕለት ግጥም የጋዜጣን ሥራ ይሠራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መንግሥትም ይህን ኃይል አልዘነጋውም። በ1557 ዓ. ም. የለንደን አታሚዎችና መጻሕፍት ሻጮች ማኅበር ከንግሥት ሜሪ የሥራ ፈቃድ ተሰጠው። አታሚ ሊያትም ያሰበውን ጽሑፍ በማኅበሩ መዝገብ ያስገባል፤ ለአንድ ባላድ መመዝገቢያም አራት ፔኒ ይከፍል ነበር። ወረቀቶቹ ከጠፉ በኋላ ያ መዝገብ በመቆየቱ ዛሬ ግጥማቸው የሌለ የብዙ ባላዶች አርእስት ብቻ እናነባለን። ስሙ ተጽፎ አካሉ የሌለ የሙታን መዝገብ ይመስላል።

ከባላድ ጸሐፊዎች መካከል ቶማስ ዴሎኒ የተባለውን እናንሣ። ዴሎኒ የሐር ሸማኔ ነበር። በ1588 ዓ. ም. የእስጳንያ ታላቅ የጦር መርከቦች እንግሊዝን ሊወሩ በመጡ ጊዜ ንግሥት ኤልሣቤጥ በቲልበሪ የሰፈረውን ጦሯን ጎበኘች። ዴሎኒም ስለ ጉብኝቱ ባላድ ጻፈ፤ ባላዱ የተመዘገበው ንግሥቲቱ በሰፈሩ በተገኘች በጥቂት ቀን ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ የሸማኔው ግጥም ለመንግሥት ደስ የሚያሰኝ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ በ1596 ዓ. ም. ግን እህል ጠፍቶ ዳቦ በተወደደ ጊዜ ዴሎኒ ስለ እህል እጥረት ሌላ ባላድ ጻፈ፤ በውስጡም ንግሥቲቱ ከሕዝቧ ጋር ስትነጋገር አሳየ። የለንደን ከንቲባ ይህን እንደ ድፍረት ቈጥሮ ገጣሚውን ማስፈለግ ጀመረ። ያው ሰው፣ ያው የአንድ ፔኒ ወረቀት ነው፤ ስለ ድል ሲጽፍ ተወደደ፤ ስለ ዳቦ ሲጽፍ ተፈለገ። ራብተኛው ሕዝብ ከንግሥቲቱ ጋር የሚነጋገርበት ሌላ ሥፍራ ስላልነበረው ሸማኔው በግጥሙ ውስጥ ሥፍራ አበጀለት።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተራው ሕዝብ ግጥም ነው። መኳንንቱ ግን ግጥማቸውን ማሳተም እንደ ነውር ያዩት ነበር። ጌታ ሰው ግጥም ለወዳጆቹ በእጁ ጽፎ ይሰጣል እንጂ እንደ ነጋዴ አደባባይ አያወጣም ይባል ነበር። ሆኖም ሞት ይህን ልማድ አንዳንድ ጊዜ ይሰብረዋል። በ1542 ዓ. ም. ባለቅኔው ሰር ቶማስ ዋየት ሲሞት ወጣቱ የሰሪ መኰንን ሄንሪ ሃዋርድ የልቅሶ ግጥም ገጠመለት፤ ግጥሙም ብዙ ሳይቆይ ታተመ። ሰሪ ራሱ በጥር 1547 ዓ. ም. በንጉሡ ትእዛዝ አንገቱ ተቈረጠ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1557 ዓ. ም.፣ ሪቻርድ ቶተል የተባለው የሕግ መጻሕፍት አታሚ የሁለቱን ሰዎችና የሌሎችን ግጥሞች ሰብስቦ በአንድ መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ ሁለት መቶ ሰባ አንድ ግጥሞች ነበሩበት፤ ሁለት ወር ሳይሞላም እንደ ገና ታተመ። ቶተል በየግጥሙ ላይ አርእስት ጨምሯል፤ የዋየትንም ስንኞች ለዘመኑ ጆሮ እንዲስማሙ አስተካክሏል። በዚህ የሚነቅፉት አሉ። ነገር ግን በቤተ መንግሥት አዳራሽ የቀረውን ቃል ለነጋዴውና ለተማሪው ያደረሰው እርሱ ነው።

የዕለት ግጥም ትልቁ በሽታ ሽንገላ መሆኑንም መሸሸግ አይገባንም። ጌታ ሲሞት ሁሉ ጻድቅ፣ ሁሉ ጀግና ይሆናል። ጆን ደን በታኅሣሥ 1610 ዓ. ም. አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት ስለ ሞተችው ስለ ኤልሣቤጥ ድሩሪ ሁለት ረጃጅም ግጥሞች ጽፎ በ1611 እና በ1612 ዓ. ም. አሳተመ። ደን ልጅቱን በዓይኑ አይቷት አያውቅም፤ አባቷ ግን ባለጠጋ ደጋፊው ሆነ። በግጥሙ ውስጥ በልጅቱ ሞት ዓለም ሁሉ እንደ ታመመችና እንደ ሞተች ተናገረ። ቤን ጆንሰን ይህን አንብቦ፣ ስለ እመቤታችን ማርያም ቢጻፍ ኖሮ ደግ ነበር ብሎ ነቀፈው። ደንም የገለጥሁት ሴት ልትሆን የሚገባትን ነው እንጂ ያችን ልጅ እንደ ነበረች አይደለም ሲል መለሰ። መልሱ ሁሉን ላያረካ ይችላል። ነገር ግን አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ይኸውም ለጥሩ ባለቅኔ ቀኑ በር ነው፤ በበሩ ገብቶ የሚናገረው ግን ከቀኑ የሚበልጥ ነገር ነው።

ይህ አባባል ከሁሉ ይልቅ የተፈጸመው በተማሪዎችና በመምህራን መጽሐፍ ውስጥ ነው። በ1586 ዓ. ም. ባለቅኔውና ወታደሩ ሰር ፊሊፕ ሲድኒ በሆላንድ አገር በጦርነት ቆስሎ ሲሞት የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች በላቲን የተገጠሙ የልቅሶ ግጥሞች ሰብስበው በ1587 ዓ. ም. አሳተሙ። ከዚያ ወዲህም ታላቅ ሰው ሲሞት ወይም በቤተ መንግሥት ልጅ ሲወለድ ዩኒቨርሲቲዎቹ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማውጣትን ልማድ አደረጉት። ከነዚህ መጻሕፍት የሚበዙት ዛሬ በአቧራ ተሸፍነው የሚኖሩ ናቸው።

ነሐሴ 10 ቀን 1637 ዓ. ም. በካምብሪጅ የክራይስት ኮሌጅ ወጣት መምህር የነበረው ኤድዋርድ ኪንግ ዘመዶቹን ለመጠየቅ ወደ አየርላንድ ሲሻገር መርከቡ በዌልስ ጠረፍ አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ሌሎቹ ነፍሳቸውን ለማዳን ሲሯሯጡ እርሱ ተንበርክኮ እየጸለየ እንደ ሞተ የመታሰቢያው መጽሐፍ ይናገራል። ጓደኞቹም በ1638 ዓ. ም. መጽሐፉን አሳተሙለት። ሀያ ሦስት ግጥሞች በላቲንና በጽርዕ፣ ዐሥራ ሦስት ደግሞ በእንግሊዝኛ ነበሩበት። በእንግሊዝኛው ክፍል የመጨረሻ ሆኖ የገባው ግጥም «ሊሲዳስ» ይባላል፤ ከሥሩም ሁለት ፊደላት ብቻ ተጽፈዋል፤ ትርጉማቸው ጆን ሚልተን ነው። ሚልተን የዚያው ኮሌጅ የቀድሞ ተማሪ ሲሆን ያን ጊዜ ስሙ ገና አልታወቀም ነበር።

በግጥሙ ሚልተን ሟቹን እንደ እረኛ አድርጎ ያለቅስለታል። ቀጥሎም እያንዳንዱ ተማሪ በልቡ የሚጠይቀውን ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም ወጣት እንዲህ በድንገት የሚቀጠፍ ከሆነ ሌሊት ተቀምጦ መማርና መድከም ምን ይጠቅማል? የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ሐዋርያው ጴጥሮስ ብቅ ብሎ መንጋውን ትተው ሆዳቸውን የሚያስቡትን እረኞች በብርቱ ቃል ይገሥጻል። እረኞች የተባሉት በዚያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያንን ይገዙ የነበሩት ካህናትና ጳጳሳት መሆናቸውን አንባቢ ሁሉ ያውቃል።

ይህ ቃል የተጻፈበትን ጊዜ ማሰብ ያስፈልጋል። ሰኔ 30 ቀን 1637 ዓ. ም. ዊልያም ፕሪን፣ ጆን ባስትዊክና ሄንሪ በርተን የተባሉ ሦስት ሰዎች በጳጳሳት ላይ በመጻፋቸው በአደባባይ ጆሮአቸው ተቈርጦ ነበር። ሐምሌ 11 ቀን ደግሞ ስታር ቻምበር የተባለው የንጉሡ ችሎት ማተሚያን የሚያጠብቅ አዲስ ደንብ አወጣ። ኪንግ የሰጠመው ከዚህ በኋላ አንድ ወር ሳይሞላ ነው። ያን ጊዜ ሚልተን ስለ ጳጳሳት በግልጥ ጽፎ ቢያሳትም ኖሮ የሚደርስበትን እርሱም ያውቀው ነበር። በልቅሶ ቤት ግን አልቃሽን ማን ይከለክለዋል? ሰሙ ለኤድዋርድ ኪንግ ማልቀስ፣ ወርቁ የቤተ ክርስቲያኑን ብልሽት መገሠጽ ሆኖ በዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ታትሞ ወጣ። የአገራችንን ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብልሃት እንግዳ አይሆንበትም። ዘመኑ ተለውጦ ችሎቱ በ1641 ዓ. ም. ከፈረሰ በኋላ ሚልተን ግጥሞቹን በ1645 ዓ. ም. ሲያሳትም፣ በ«ሊሲዳስ» ራስጌ ላይ ግጥሙ የተበላሹትን ካህናት ጥፋት አስቀድሞ መናገሩን የሚገልጥ ቃል ጨመረ። ወርቁን ከሰሙ ያወጣው ራሱ ባለቅኔው ነው።

እንግዲህ ዛሬ ከእንግሊዝኛ የልቅሶ ግጥሞች ሁሉ ከፍተኛውን ሥፍራ ከያዙት አንዱ የሆነው ይህ ግጥም መጀመሪያ የወጣው በአንድ ትምህርት ቤት የመታሰቢያ መጽሐፍ መጨረሻ ገጾች ላይ ነው።

ታትሞ መውጣት ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ሳሙኤል ፒፕስ የተባለው የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ሹም የአንድ ፔኒ ባላዶችን እየለቀመ ከ1,800 የሚበልጡ በአምስት ጥራዝ አኖረ። ፒፕስ በ1703 ዓ. ም. ሞተ፤ ቤተ መጻሕፍቱም በ1724 ዓ. ም. ወደ ካምብሪጁ ማግደሊን ኮሌጅ ገባ፤ እስከ ዛሬም በዚያ ይገኛል። ሌላው ሰው ቶማስ ፐርሲ ነው። ፐርሲ በሺፍናል ከተማ በአንድ ወዳጁ ቤት ሳለ በእጅ የተጻፈ የአሮጌ ግጥም መጽሐፍ መሬት ላይ ወድቆ አየ፤ የቤቱ ገረዶች ቅጠሉን እየቀደዱ እሳት ያያይዙበት ነበር። ለምኖ ወሰደው፤ ከውስጡም መርጦ በ1765 ዓ. ም. ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝ ሕዝብ የአባቶቹን ግጥም እንደ ገና ማፍቀር ጀመረ። የተቃጠሉት ቅጠሎች ግን አልተመለሱም። በእነርሱ ላይ የነበረው ግጥም ለአንድ ጧት ሻይ ማፍያ ሆኖ ቀረ።

በእኛም አገር ቅኔ በማኅሌት ላይ ከተዘረፈ በኋላ አይደገምም፤ ባለቅኔው ለሚቀጥለው በዓል አዲስ ያዘጋጃል። ያለፈውን የያዘው የሰሚው ጆሮ ብቻ ነው። በየመንደሩም ሙሾ የሚያወርዱ አልቃሾች አሉ፤ ስለ አንድ ገበሬ ሕይወት በሁለት ስንኝ የሚናገሩት ቃል አንድ ሙሉ ታሪክ ይሆናል፤ ሐዘንተኛው ሲበተን ግን ቃሉም አብሮ ይበተናል። የአውሮፓ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ነገር ለማዳን ማተሚያ ከገባላቸው በኋላ እንኳ ብዙ ጊዜ ዘግይተዋል። እኛ ግን ወረቀትና እርሳስ በእጃችን ነው፤ የሚነግሩን ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም ገና በሕይወት አሉ።

ስለዚህ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ለክረምት ዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ በሠርግም ሆነ በልቅሶ የምትሰሙትን ግጥም ጻፉት። የገጠመውን ሰው ስም፣ የተባለበትን ቀንና ምክንያት አብራችሁ አስፍሩ፤ ቀኑና ምክንያቱ ካልተጻፈ የዕለት ግጥም ግማሹ ይጠፋልና። ይህንንም የበዓል መጽሔት ካነበባችሁት በኋላ ለእሳት ማያያዣ አትስጡት። በሥሩ ሁለት ፊደል ብቻ የተጻፈበት ግጥም ነገ የማን ሆኖ እንደሚገኝ ዛሬ ማንም አያውቅም።